«እንግሊዝ አትበለኝ»

ለንደን ውስጥ አውቶቡስ መንዳት ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። መንገዱን ቶሎ ለመድኩት። ያስቸገረኝ የሻይ ክፍሉ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ቀይ ጺም ያለው አንድ ጎልማሳ ባልደረባዬ ሻይ ቀዳልኝ። ወተት ሲደፋበት አይቼ፣ ወሬ ለመክፈት ያህል፣ «እናንተ እንግሊዞች መቼም ያለ ወተት ሻይ አይሆንላችሁም» አልኩት። የሚያማስልበት ማንኪያ ቀጥ አለ። ቀና ብሎ አየኝ። እናቱን የሰደብኩበት ነው የሚመስለው።

«እኔ የግላስጎው ልጅ ነኝ» አለ።

የዋህ ነኝና፣ «ታዲያ እሱስ እንግሊዝ አይደል?» አልኩ።

ግላስጎው ለካ ስኮትላንድ ነው። የዚያን ቀን ሻዬን ብቻዬን ጠጣሁ።

ጥፋቱ ግን የኔ ብቻ አይደለም፤ የአማርኛም አለበት። እንግሊዝ፣ ስኮትላንድ፣ ዌልስ፣ ሰሜን አየርላንድ፣ ለኛ አራቱም እንግሊዝ ናቸው። ኤምባሲው የእንግሊዝ ኤምባሲ ነው። ንግሥቲቱም እስክትሞት ድረስ የእንግሊዝ ንግሥት ነበረች። በ1770 (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ) ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ጥርት ያለ ስኮትላንዳዊ ነው። እኔ ግን «እንግሊዛዊው ተጓዥ» እያልኩ ነው ትምህርቴን የጨረስኩት። ይህን ሁሉ ለጺማሙ አስረድቼው ታረቅን። «እንግሊዝ» የምትለውን ቃል ያኔ ያዛት። ከአማርኛ የሚያውቀው እሷን ብቻ ነው። እሷንም ሊቆጣባት።

ሁለተኛ እንዳላፍር ብዬ ለዜግነት ፈተናው በደንብ አጠናሁ። ፈተናው 24 ጥያቄ ነው፣ ሰዓቱ 45 ደቂቃ፣ 18 ያገኘ ያልፋል። ብዙውን ረስቼዋለሁ። የባንዲራው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የብሪታንያ ባንዲራ፣ የአራቱም የጋራው ማለት ነው፣ የሦስት ቅዱሳን መስቀል ድርብርብ ነው። አንደኛው የኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የእንግሊዝ ጠባቂ። ስሙን ሳይ የሰፈር ሰው ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። ጊዮርጊስ ግን የእንግሊዝን መሬት ረግጦ አያውቅም። የስኮትላንዱ እንድርያስ ደግሞ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት አንዱ ነው፤ የገሊላ ዓሣ አጥማጅ። የአየርላንዱ ፓትሪክ የተወለደው አየርላንድ ሳይሆን እዚሁ ብሪታንያ ነው። ተወልዶ ያደገበትን አገር የሚጠብቀው የዌልሱ ዴቪድ ብቻ ነው። ባንዲራው ላይ የሌለውም እሱ ብቻ ነው! የመጀመሪያው ባንዲራ በ1606 ሲሠራ ዌልስ ቀድሞ በእንግሊዝ ተጠቅልሎ ስለነበር የሚያስታውሰው አልተገኘም። እንግዶቹ ገብተው ሲቀመጡ የቤቱ ልጅ ደጅ ቀረ።

ይህንን ዴፖው ውስጥ ላለችው የዌልስ ልጅ ስነግራት፣ ሳንድዊቿን እያላመጠች፣ «አንተ ዛሬ ሰማህ፣ እኛ አራት መቶ ዓመት ሰምተናል» አለችኝ።

እንግሊዞቹስ? እነሱ ናቸው የሚያስቁት። አለቃችን የኬንት ሰው ነው። «አንተ እንግሊዛዊ ነህ ወይስ ብሪታንያዊ?» አልኩት አንድ ቀን። ትንሽ አሰበና «ያው አይደል እንዴ?» አለኝ። ጺማሙ ከወዲያ ጥግ ሳል ጀመረው። ከ1999 ወዲህ ስኮትላንዶች ፓርላማ አላቸው፣ ዌልሶችም የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። እንግሊዝ ለብቻዋ የላትም። ኳስ ሜዳ ሲገቡም ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸውን መዝሙር ይዘምራሉ። እንግሊዝ የምትዘምረው የጋራውን የንጉሡን መዝሙር ነው። የግቢው ባለቤት መቼም ግቢውን ሁሉ ቤቴ ማለት አይከብደውም። የሚከብዳቸው ተከራዮቹ ናቸው።

በ2021 ደግሞ ሕዝብ ቆጠራ መጣ። ቅጹን በስልኬ ስሞላ አንድ ጥያቄ ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ብሔራዊ ማንነትህን ምረጥ ይላል! ከቀበሌ መታወቂያ ላይ ሸሽቼው የመጣሁት ሳጥን ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲጠብቀኝ ነበር። ደግነቱ እዚህ ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል። ቀበሌ ይህችን ቢያስብበት ስንት ሰው ይገላገል ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ ጉድ ሆነ። በ2011 እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ «እንግሊዛዊ» የሚለውን ብቻ የመረጠው ሕዝብ 57.7 በመቶ ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ 14.9 በመቶ ሆነ። «ብሪታንያዊ» ብቻ ያለው ከ19.1 ወደ 54.8 ተመነጠቀ። ምን ተፈጠረ? ጦርነት? አብዮት? ምንም። እንግሊዝ በተሞላው ቅጽ ላይ «ብሪታንያዊ» የሚለውን ሳጥን ከታች አንስተው አንደኛ ረድፍ ላይ አስቀመጡት። ለለውጡ አንዱ ምክንያት ይኸው ሳይሆን እንደማይቀር የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጽፏል። ሰው ሊሞትለት የሚምልበት ማንነት አንድ ረድፍ ወደ ታች ሲወርድ ጣት የሚያደርሰው ጠፋ።

እኔ «ብሪታንያዊ»ን ነካሁ። «እንግሊዛዊ» የሚለው ላይ ጣቴ እምቢ አለኝ። ፓስፖርቴም እንደዚያ አይለኝም። እንግሊዝ የሚሉኝ አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቼ ብቻ ናቸው። ደግሞ ዞር ብዬ ሳየው፣ በሻይ ክፍላችን ውስጥ ሳያወላዳ «ብሪታንያዊ ነኝ» የሚለው እኔ፣ ናይጄሪያዊው መካኒክና ባንግላዴሻዊቷ ጸሐፊ ነን። የተቀረው «ስኮትላንዳዊ ነኝ፣ ግን…» እያለ ይጀምራል። አገሩን ተፈትነን የገባነው እኛ ብቻ ስለሆንን ይሆናል።

ጺማሙ ግን የእውነት ያሳዝነኛል። በ2014 ስኮትላንድ ትገንጠል አትገንጠል ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲደረግ መምረጥ አልቻለም። ለምን? ነዋሪነቱ ለንደን ነዋ። ግላስጎው የሚኖር ፖላንዳዊ መርጧል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ መርጧል። እሱ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ አደረ። 55 ለ45 «እንቆይ» አሸነፈ። አንተስ ቢሆን ምን ትመርጥ ነበር ስለው ግን እስካሁን አልነገረኝም።

አንዴ ደግሞ ከኔ የተበደራትን 20 ፓውንድ መለሰልኝ። የስኮትላንድ ባንክ ያተማት ኖት ነች፤ እዚያ ሦስት የንግድ ባንኮች የራሳቸውን ብር ያትማሉ። ማታ ሰፈሬ ሱቅ ገብቼ ስሰጥ ባለሱቁ ገልበጥ አደረጋት፣ ወደ መብራቱ ዘረጋት፣ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋት። «ሌላ የለህም?» አለኝ። በማግስቱ ይህን ስነግረው ጺማሙ ጠረጴዛውን መታው። «አየህ? አንድ አገር ነን ይሉሃል!»

በ2024 እንግሊዝ ከስፔን ለአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ስትጫወት የስፔን ማሊያ ለብሶ ሥራ መጣ። «ስፔን ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አላውቅም» አለ ኮራ ብሎ። ስፔን 2 ለ1 አሸነፈች። በማግስቱ ለሁላችንም ዶናት ገዛ። ከሱ ኪስ ገንዘብ ሲወጣ ሳይ ያ ሁለተኛዬ ነው።

ባለፈው እሱው ጋ ተቀምጬ እናቴ ደወለች። እጄ ቅባት ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረግኩት። «ልጄ፣ እንዴት ነህ? እንግሊዞቹ ደህና ናቸው?» አለች። ጺማሙ ከዚያች አንዲት ቃል በስተቀር ምንም አልገባውም። ጽዋውን አስቀምጦ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና ጮኸ፣ «ስኮትላንድ! ስኮትላንድ!»

«ማነው እሱ? ምን አለ?»

«ጓደኛዬ ነው እማዬ፤ ሰላም እያለሽ ነው።»

«እግዜር ያክብረው! እኔ እኮ እላለሁ፣ እንግሊዞች ጨዋ ናቸው።»