ፎርም አንድና ፎርም ሁለት አይተዋወቁም

እኛ ሰፈር ምስጢር ከቤት ሳይወጣ ጎረቤት ሰምቶታል። ፕሮግራም ስንጽፍ ግን ምን እንደሚነካን እንጃ! አንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን የተከፈቱ ስክሪኖቻችን ተኮራርፈው ይውላሉ።

በቀደም አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስሜን፣ የአባቴንና የአያቴን ስም፣ ዕድሜዬን፣ ስልኬን ጠይቃ መዘገበች። ቀጥላ የክፍያውን ስክሪን ከፈተች። ባዶ ነው። የካርድ ቁጥሬን ከፊተኛው አይታ በእስክሪብቶ መዳፏ ላይ ጻፈች፤ ከመዳፏ ወደ ኋለኛው ገለበጠች። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ እዚያው መዳፍ ላይ ተሰልፈዋል። ሳኒታይዘር ከነካች ዳታው አለቀለት።

«ስም?» አለችኝ እንደገና።

«አሁን ነገርኩሽ እኮ!»

«ያ ለምዝገባ ነው ጋሼ፤ ይሄ ለሒሳብ ነው።»

ስሜ በ«ፀ» ይጀምራል። በእንግሊዝኛ አንዱ ስክሪን ላይ በቲኤስ፣ ሌላው ላይ በቲዜድ ተጻፈ። ላብራቶሪ ስደርስ የታመመው ሰውዬ አልከፈለም፤ የከፈለው ሰውዬ አልታመመም።

ኮድ ጻፊው ምን እንደሠራ መገመት አይከብድም። የምዝገባው ስክሪን ፎርም አንድ፣ የክፍያው ፎርም ሁለት ነው እንበል። ፎርም ሁለት መረጃ ሲፈልግ፣ የተከፈተውን ፎርም አንድ እንደመጠየቅ «ኒው ፎርም አንድ» ብሎ ሌላ ፈጠረ። አዲሱ መልኩ ቁርጥ አሮጌውን ነው፤ ሳጥኖቹ ግን ባዶ ናቸው። ከዚያ «ለምን ባዶ ይመልስልኛል?» እያለ ሲያፈጥ ያድራል።

ሲመረው ሁሉን ነገር ፐብሊክ ስታቲክ ያደርገዋል፤ የትኛውም ስክሪን ገብቶ የሚያየውና የሚቀይረው አንድ የጋራ ቅጂ ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ቡና ላይ የተነገረ ምስጢር ማለት ነው። አቦል ላይ «ጉንፋን ይዞታል» የተባለው ሰው በረካ ላይ ተቀብሯል። ማን እንደቀየረው አይታወቅም። የአንዱ ታካሚ ሒሳብ ሌላው ላይ የሚያርፈውም እንዲህ ነው።

መላው ግን ድሮ ተገኝቷል። ኖርዌጂያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ሳለ፣ በ1979 እ.ኤ.አ.፣ መረጃውን ከስክሪኑ የሚለይ አሠራር ነድፏል፤ ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር የሚባለውን። ታካሚው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ ስክሪኖቹ ሁሉ እሱኑ ያያሉ፤ ሲቀየር ይነገራቸዋል። ይሄ ከበዛ፣ ፎርም ሁለት ሲከፈት በኮንስትራክተሩ (ፎርሙ ሲፈጠር በሚሠራው የኮድ ክፍል) በኩል የካርድ ቁጥሩን ማቀበል ነው። አንድ ሁለት መስመር ቢሆን ነው።

ይህንኑ ሶፍትዌር ለሚሸጥ አንድ ወዳጄ አጫወትኩት። በጥሞና ሰማኝ።

«ልክ ነህ» አለኝ። «ግን ደንበኛ የሚከፍለን በስክሪን ብዛት ነው።»