ላይቭ ቪውን የከለከለው መመሪያ ይነሳ

ሰሞኑን አንድ የፎቶግራፍ ማሠልጠኛ ያወጣው መመሪያ በባለሙያዎች ዘንድ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ዲ ኤስ ኤል አር ካሜራ (በውስጡ መስታወት ያለው፣ በቪውፋይንደር ማለትም ዓይን በሚጠጋበት መስኮት የሚታይበት) የያዘ ሠልጣኝ ላይቭ ቪው፣ ማለትም የሚነሣውን በካሜራው ጀርባ ስክሪን የሚያሳየውን፣ እንዳይከፍት ይከለክላል። በስክሪን እየታየ የተነሣ የፈተና ፎቶም ነጥብ አያገኝም። የተሰጠው ምክንያት «ስክሪን ያታልላል፣ ቪውፋይንደር ግን ያለውን ያሳያል» የሚል ነው።

ካሜራ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ብሎ መጻፉ ያሳዝናል። በቪውፋይንደር የምናየው ሴንሰሩ (ፎቶውን የሚቀርጸው ክፍል) ላይ የሚያርፈውን ምስል አይደለም። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ ነጥሮ ወደ ላይ ይወጣና ፎከሲንግ ስክሪን የሚባለው ስስ ሰሌዳ ላይ ያርፋል፤ ዓይናችን የሚያየው እሱን ነው። ከፊሉ ብርሃን ደግሞ በመስታወቱ መሀል አልፎ፣ ከጀርባው ባለች ትንሽ መስታወት ወደ ታች ተመልሶ የአውቶ ፎከሱ (ካሜራው ምስሉን በራሱ የሚያጠራበት) መለኪያ ላይ ይደርሳል። አንድ መንገድ ለዓይን፣ አንድ ለፎከስ፣ አንድ ለፎቶው። የሦስቱ ርዝመት ልክ ለልክ ካልሆነ ጉድ ይፈላል። ካሜራው ወድቆ ያቺ ትንሽ መስታወት ለጥቂት ብትዛነፍ፣ ፎከስ ተያዘ የምትለው አረንጓዴ ነጥብ ትበራለች፣ ድምፁም ይሰማል፤ ፎቶው ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ግን የሙሽራዋ ዓይን ደብዝዞ ጉትቻዋ ጠርቶ ይገኛል። እዚህ በየሰዉ እጅ ያሉት ካኖን 600ዲ እና 700ዲ ይህን መዛነፍ የሚያርም ሜኑ እንኳ የላቸውም። በላይቭ ቪው ግን፣ ኩዊክ ሞድ የሚባለው ካልተመረጠ በቀር፣ ፎከሱ የሚለካው ፎቶውን በሚቀርጸው ሴንሰር ላይ ነው። የሚዛነፍ ሌላ መንገድ የለም።

የፎከሱ ጣጣ በዚህ አያበቃም። የዛሬ ፎከሲንግ ስክሪኖች ደማቅ ሆነው እንዲታዩ ስለተሠሩ፣ ሌንሱ ከኤፍ 2.8 ገደማ በላይ ሲከፈት (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) የሚመጣውን ስስ ዴፕዝ ኦፍ ፊልድ፣ ማለትም ጠርቶ የሚወጣውን የርቀት ክልል፣ አያሳዩም። 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ገጥሞ በእጁ ፎከስ የሚያደርግ ሠልጣኝ በቪውፋይንደር ሁሉም ጠርቶ ይታየዋል፤ ፎቶው ላይ የሚጠራው ግን የተነሣው ሰው ቅንድብ ብቻ ነው። በላይቭ ቪው ሥራው እንዲህ ነው፦ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ ማሰር፣ የሌንሱን ማብሪያ ወደ ኤም ኤፍ (የእጅ ፎከስ) ማዞር፣ የማጉያ ሳጥኑን በሚነሣው ሰው ዓይን ላይ አድርጎ መጀመሪያ 5 ከዚያ 10 እጥፍ ማጉላት፣ ቀለበቱን ሽፋሽፍቱ ጠርቶ እንደገና እስኪደበዝዝ ድረስ ማሳለፍና ቀስ ብሎ መመለስ፣ በመጨረሻም በ2 ሰከንድ ታይመር ማንሣት። መስታወቱ ቀድሞ ስለተነሣ ካሜራውን አያናውጠውም። ማሠልጠኛው ይህን ሙከራ አንድ ጋዜጣ አጋድሞ ቢሠራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም። ለምን አልሠራውም?

«ያለውን ያሳያል» ስለተባለው ደግሞ፦ የ600ዲ ቪውፋይንደር በቁመትም በወርድም የሚያሳየው 95 ከመቶ ገደማ ነው። ከጠቅላላው ስፋት አንድ አሥረኛው ሳይታይ ይቀረጻል ማለት ነው። ጠርዝ ላይ የገባውን የመብራት እግር ሠልጣኙ የሚያየው ቤቱ ሲገባ ነው። ስክሪኑ ፎቶ የሚሆነውን ከሞላ ጎደል ሙሉውን ያሳያል።

የብራና መጽሐፍ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ሁሉ አሳምረው ያውቁታል። ካሜራው ከላይ ወደ ታች ተደፍቶ ይታሰራል፣ ቪውፋይንደሩ ጣሪያውን ያያል። ዓይን ስላልሸፈነው የመስኮቱ ብርሃን በዚያ ገብቶ የብርሃን መለኪያውን ያሳስተዋል፤ ገጹም ጠቁሮ ይወጣል። ካኖን ማንጠልጠያው ላይ ትንሽ የቪውፋይንደር የጎማ ክዳን የሚያኖረው ለዚህ ነው። በላይቭ ቪው ብርሃኑ የሚለካው ሴንሰሩ ላይ ስለሆነ ይህ ችግር አይኖርም፣ የገጹም ጠርዝ ከስክሪኑ መስመሮች ጋር ይገጠማል።

ላይቭ ቪው የጀማሪ ልማድ ነው የሚሉም አሉ። ኦሊምፐስ በ2006 እ.ኤ.አ. በኢ-330 ካመጣው በኋላ፣ በቀጣዩ ዓመት ካኖን ትልቁ ካሜራው 1ዲ ማርክ 3 ላይ፣ ኒኮን ዲ3 ላይ አስገብተውታል። ለጀማሪ ነው የሠሩት? ከእነሱ በፊትስ ታዋቂው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ በትልቁ ካሜራው ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ ከኋላ ባለው ደብዛዛ ብርጭቆ ላይ የተገለበጠውን ምስል እያየ አልነበረም የሚያነሣው?

ለእግር ኳስና ለሩጫ ቪውፋይንደር ይሻላል፣ እሺ። 70ዲ በ2013 እ.ኤ.አ. እስኪመጣ የካኖን ላይቭ ቪው አውቶ ፎከስ ቀርፋፋ ነበር። ባትሪም ይበላል፤ 600ዲ በቪውፋይንደር 440 ፎቶ ሲያነሣ በላይቭ ቪው 180 ገደማ ነው። ይህ ሁለተኛ ባትሪ ያስገዛል እንጂ ክልከላ አያስወጣም።

የቀሩት ቅሬታዎች ሜኑ ካለማወቅ የመጡ ናቸው። ስቱዲዮ ውስጥ ስክሪኑ የሚጨልመው ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን (የፎቶውን ብርሃን አስቀድሞ በስክሪኑ የሚያስመስለው) ስለበራ ነው፤ ማጥፊያው ያለው ካሜራ ላይ ይጥፋ። የካኖን 5ዲ ማርክ 2 ላይ የሌላ ድርጅት ፍላሽ እምቢ የሚለው ሳይለንት ሹቲንግ (ድምፅ የሚቀንሰው አነሣስ) ስላልጠፋ ነው። ፀሐይ ላይ ስክሪኑ ካልታየ ጥቁር ጨርቅ አለ። የስክሪኑ ድምቀት ካሳሳተ ሂስቶግራም (የፎቶውን ብርሃንና ጨለማ መጠን የሚያሳይ ግራፍ) አለ። ሥልጠና ማለት ይህን ማሳየት ነው።

መመሪያው ይነሳ። በምትኩ ፈታኞቹ በኤፍ 1.8 የተነሣውን ፎቶ 100 ከመቶ አጉልተው ይክፈቱት፤ ዓይኑ ከጠራ ነጥቡን ይስጡ።