ይሄን ሁሉ?

ሻንጣ ከፍቶ ልብስ የሚያጥፍ ሰው አጠገብ ቆሞ «ይሄን ሁሉ?» የሚል ሰው አለ። ታውቁታላችሁ። አንድ እጁን ኪሱ ከትቷል። ላግዝህ አይልም። ዓይኑ ግን ካልሲ ይቆጥራል። ከዚያ አንዱን ሹራብ በሁለት ጣቱ ብድግ ያደርግና «ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» ይላል። ለብርድ ነዋ፣ ወንድሜ! ሹራብ ድሮም ለብርድ ነው።

ሰሞኑን ይኸው ሰው ቤቴ ተከሰተ። በመፀው መግቢያ፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ አብረን ጥቂት አገሮች ልንዞር ነው። ከአቴንስ እንነሳለን፣ በሮምና በሚላኖ እናልፋለን፣ ስቶክሆልም ላይ እናበቃለን። እሱ የሚይዘው አንድ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ነው። እሱም ግማሹ ባዶ። «እኔ ቀለል ብዬ ነው የምጓዘው» አለኝ፣ ዓለም በቃኝ ብሎ የመነነ ሰው በሚመስል ድምፅ።

ቀለል ማለት ጥሩ ነበር፣ የአየሩ ጠባይ ቢስማማ። ሴፕቴምበር ላይ አቴንስ ቀን ቀን እስከ 28 እና 29 ዲግሪ ይሞቃል። በዚያው ወር ስቶክሆልም 17 ዲግሪ ከደረሰ ሰዉ ፀሐይ ወጣ ብሎ ይደሰታል፤ ሌሊቱ ደግሞ ወደ 10 ይወርዳል። ጃንዋሪ ቢሆን ይቀል ነበር፤ ካፖርት ደርቦ መሄድ ነው። ጁላይ ቢሆንም ይቀል ነበር። መፀው ግን ጠዋት አንድ ነገር፣ ቀትር ላይ ሌላ፣ ማታ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። በዚህ ላይ ሮም ደርሳችሁ የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካን ልይ ካላችሁ ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት። በፀሐይ እየቀለጣችሁ ያን ሁሉ ሰልፍ ጨርሳችሁ፣ በር ላይ ያለው ጥበቃ ቁምጣችሁን አይቶ ይመልሳችኋል። እንግዲህ ስስ ሸሚዝ ለአቴንስ፣ ረጅም ሱሪ ለሮም፣ ሹራብ ለስቶክሆልም። እስቲ የቱን ላውጣ? ንገሩኝ።

አንድ የምወደው ተረት አለ። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ይላል። አጭር ነው፣ ቤት ይመታል፣ ክርክር ይዘጋል። ብዙ ክርክር ዘግቼበታለሁ። ቅሬታዬ አንድ ብቻ ነው። የተረተው ሰውዬ አንድ አገርና አንድ ወንዝ ብቻ ሳይኖረው አይቀርም። ሱሪውን ሰብስቦ ይሻገራል፣ ማዶ ይቀመጣል፣ አለቀ። ዛሬ እዚህ አድሮ ከነገ ወዲያ ሌላ አገር የሚነጋበት ሰው ምን ይልበስ? ተረቱ ዝም ይላል። አየር መንገዱ ደግሞ አገርም ወንዝም አያውቅም። የሚያውቀው ኪሎ ነው። ለሚጫነው ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ 23 ኪሎ፤ ለእጅ ሻንጣ ደግሞ ብዙዎቹ 55 በ40 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ። በሩ ላይ የብረት ሳጥን አቁመው «አስገቡት» ይሏችኋል። ኑሮ እንደ ሳጥኑ ሆኗል።

እነዚህ ቀለል ባዮች የሚመኩበት ክርክር አላቸው። «ድሮ ሰው ምን ይዞ ነበር የሚጓዘው?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልስ አለኝ።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 1991፣ ልክ በዚሁ ወቅት፣ ሁለት ጀርመናውያን በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር ላይ ተራራ ላይ ሲጓዙ ከበረዶ ውስጥ ብቅ ያለ ሬሳ አገኙ። ከፍታው 3,210 ሜትር ነው። ሰውዬው በኋላ ኦትዚ ተባለ። ከሞተ ወደ 5,300 ዓመት ሆኖታል። እስቲ ምን ይዞ እንደነበር ስሙ። ከፍየልና ከበግ ቆዳ የተሰፋ ካፖርት። ለእግሩ የፍየል ቆዳ። ከድብ ቆዳ የተሠራ ቆብ። ውስጡ ሣር የተጎዘጎዘ ጫማ። ቀበቶው ላይ ትንሽ ኮሮጆ። የመዳብ መጥረቢያ፣ ቢላ፣ ቀስት፣ ፍላጻ ከነሰገባው። ይህ አልበቃ ብሎት ፍም በቅጠል ጠቅልሎ በዛፍ ልጥ ዕቃ ይዟል። እሳት ይዞ ነበር የሚጓዘው! እኔ በሁለት ሹራብ እታማለሁ። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 ራጅ ሲነሳ ግራ ትከሻው ውስጥ የፍላጻ ጫፍ ተገኘ። የተወጋው ከኋላው ነው። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ግን አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ የቆመ ሰው እጠረጥራለሁ።

ሹራብ ካልኩ አይቀር ግራጫው ሹራቤ ትዝ አለኝ። ከዚህ በፊት ከዚሁ ጓደኛዬ ጋር ወደ ሰሜን ተጉዘን ነበር። ገና የመጀመሪያው ማታ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ወትፎ «አንተ፣ አይበርድህም?» አለኝ። ሰው እንዲህ ሲጠይቅ የእናንተ ብርድ አስጨንቆት አይደለም። ቀጠለና «ትርፍ ነገር ይዘህ ይሆን?» አለ። ትርፍ! ቤት ሳለን ሸክም የነበረው ልብስ አውሮፕላን ተሳፍሮ ሲወርድ ትርፍ ሆኖ ቁጭ አለ። አዋስኩት። ከዚያ በኋላ ሹራቡን ያየሁት በፎቶ ነው። ድልድይ ላይ ሹራቤ አለ። ጀልባ ላይ ሹራቤ አለ። ሰዉ ከሥሩ «አለባበስ እንዲህ ነው!» ብሎ ጽፎለታል። ሲመለስልኝ ክርኑ ተለጥጦ፣ እጅጌው ቡና ጠጥቶ ነበር።

በሹራብ ቢያበቃ ባልከፋኝ። ቻርጀሩ የኔ፣ ጥርስ ሳሙናው የኔ፣ ጃንጥላው የኔ። መመለሻችን ሲደርስ ደግሞ የገዛውን ጫማ ከነካርቶኑ ይዞ መጣና «ያንተ ሻንጣ መቼም ቦታ አያጣም» አለኝ። ሚዛኑ ላይ ስንደርስ ኪሎው አለፈ። ሕዝብ ፊት ተንበርክኬ ሻንጣ የከፈትኩት፣ የውስጥ ልብሴን አደባባይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ ቦርሳውን በአንድ ትከሻው አንጠልጥሎ ስልኩን ይነካካል። ይህ እስካሁን ያናድደኛል። በቀልድ ልናገረው ብዬ ጀምሬ ነበር፣ አልሆነልኝም። የዚህ ሰው ቅለት ታሪፍ አለው፤ የምከፍለው እኔ ነኝ።

ሌላው ምክራቸው «ትንሽ ያዝ፣ እዚያው ታጥበዋለህ» የሚል ነው። ማጠቡስ ይታጠባል። የሆቴሉ የእጅ መታጠቢያ ክዳን ውኃ አይዝም፤ በካልሲ ትወትፉታላችሁ። ሸሚዙን በፎጣ ጠቅልላችሁ ትጨምቃላችሁ። ከዚያ የክፍሉ ማሞቂያ ላይ ታሰጡታላችሁ። ብረቱ በረዶ ነው። ሚላኖ ውስጥ የሕንፃ ማሞቂያ በሕግ የሚፈቀደው ከኦክቶበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ነው። ሴፕቴምበር ላይ ለሸሚዛችሁ ብሎ ሕግ የሚጥስ የለም። ሲነጋ ኮሌታው እርጥብ ነው። በዚያች ውብ ከተማ፣ በዚያ ውድ ጠዋት፣ ካልሲ ውስጥ ፀጉር ማድረቂያ ከትታችሁ ትቆማላችሁ።

አየሩ ተመጥጦ ልብሱን የሚያጨማድደውን ላስቲክ ደግሞ ተዉኝ። ቦታ ይቀንሳል እንጂ ኪሎ አይቀንስም።

ለነገሩ ልጽፍ የተነሳሁት ምን ምን መያዝ እንደሚሻል ነበር። ቶሎ ልበለው። ከአንድ ወፍራም ካፖርት ይልቅ የሚደራረቡ ስስ ልብሶች ይሻላሉ፤ በመካከላቸው የሚቀረው አየር ሙቀት ይይዛል። ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ቀላል ጃኬት። ጂንስ እርጥብ ከሆነ በቀላሉ ስለማይደርቅ አንዱ ይበቃል። ስስ የሱፍ ካናቴራ ደጋግመው ቢለብሱትም ቶሎ አይሸትም። ሻርፕ ለብርዱም ለቤተ ክርስቲያኑም ትሆናለች። ከባድ ከባዱን ለብሳችሁ ተሳፈሩ፣ ሚዛኑ እናንተን አይመዝንም። ጫማን በተመለከተ፣ የነዚያ ከተሞች ኮብልስቶን ላይ አዲስ ጫማ ማስመረቅ አይገባም እያልኩት ነው፤ ጓደኛዬ ግን ነጠላ ጫማ ይበቃኛል እያለ እየተከራከረኝ ነው። የእግር ቁጥራችን ደግሞ አንድ ነው።