የትኛው አሳ?

ከምግብ ቤት አስተናጋጆች ጋር የሚያጣላኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። ሒሳብ አይደለም፣ መዘግየትም አይደለም። አሳ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴን ምሳ ልጋብዛት ይዣት ወጣሁ። መንገድ ላይ "ዛሬስ አሳ አምሮኛል" አለች። እሷ አሳ አማረኝ የምትለው በዓመት አንዴ ቢሆን ነው። በጾም ንክች አታደርገውም፣ በፍስክ ደግሞ ሥጋው ይቀድመዋል። ደስ ብሎኝ በቅርብ ያገኘሁት ቤት አስገባኋት።

"አሳ ምን አላችሁ?" አልኩት አስተናጋጁን።

"ጉላሽ፣ ኮተሌት፣ ለብለብ፣ ዱለት፣ ጥብስ።"

"አሳው ምንድን ነው?"

"እ?"

"የትኛው አሳ ነው?"

"አሳ ነዋ!" አየኝ። ትንሽ አሰበና ጨመረልኝ፤ "የሐይቅ ነው።"

ተመስገን። ከሰማይ የወረደ መስሎኝ ነበር።

"ወንድሜ፣ ቆሮሶ ነው ወይስ አምባዛ?" ስለው ማድ ቤት ገባ። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። "ፍሬሽ ነው" አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። እኛ እኮ ሥጋ ቤት ገብተን "ሥጋ ስጠኝ" ብለን የምንወጣ ሰዎች አይደለንም። ሻኛ፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ንብርብር እያልን ነው የምናዘው። ቆራጩ ዳቢት ብሎ ሌላ ነገር ቢሰጠን ቢላው ወደ መስቀያው ሳይመለስ እንይዘዋለን። ዶሮን 12 ብልት አውጥተን ለእያንዳንዱ ስም ያወጣን ሕዝብ ነን። ከውሃ የወጣ ነገር ላይ ስንደርስ ግን ምላሳችን ይታሰራል። ትንሹም አሳ፣ ሰው የሚያህለውም አሳ፣ ጢም ያለውም አሳ!

ለእናቴ ይሄ የምላስ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ክንፍና ቅርፊት የሌለው አትብሉ ይላል። አምባዛ ቅርፊት የለውም። ቆዳው ልሙጥ ነው፣ ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ፣ አፉ ዙሪያ ጢም አለው። እናቴ አትበላውም፣ አበቃ። ሙሉውን ብታየው ከሩቅ ትለየዋለች። ተገፎ፣ ተከትፎ፣ ዳቦ ዱቄት ለብሶ ኮተሌት ሆኖ ሲመጣ ግን በምን ትለየው? ስለዚህ አስተናጋጁን ትጠይቃለች። አስተናጋጁም "ፍሬሽ ነው እማማ" ይላታል።

እኔ አምባዛን የምጠላው በሌላ ነው። የምበላ ሰው ነኝ፣ ሸርጣንም ቢሆን ቀምሻለሁ። ግን አምባዛ ጭቃ ጭቃ ይለኛል። በእርግጥ ያ ጣዕም የአምባዛ ብቻ አይደለም። ውሃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች የሚሠሩት ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፣ የትኛውም የሐይቅ አሳ ሥጋ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሎሚ ያሳንሰዋል። ሳህኑ ዳር የምትቀመጠዋ ሎሚ ለጌጥ አይደለችም ለማለት ነው።

የምወደውን ልንገራችሁ። ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የሚሉት። ሙሉውን፣ ከነጭንቅላቱ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ጅራቱ ቺፕስ እስኪመስል የተጠበሰ። ሐዋሳ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጀልባው ዳር ይደርሳል፣ ልጆቹ ቁጭ ብለው አሳውን ይገፋሉ፣ ያ አባ ኮዳ የሚባለው ራሰ በራ ወፍ ትከሻውን ሰብስቦ እንደ ጡረተኛ ዳኛ አንጀቱ እስኪጣልለት ይጠብቃል። እዚያ "የትኛው አሳ?" ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም። ዓይኑን ታየዋለህ፣ ስንጥቡን ከፍተህ ቅላቱን ታያለህ፣ ትበላለህ። በዳጣ። በጣት። ሹካ የያዘ ሰው እሾሁን ሲውጥ ይዋል።

ናይል ፐርችም እወዳለሁ። አርባ ምንጭ ጫሞ ዳር የበላሁት ኮተሌት እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ነጭ፣ ወፍራም፣ ሲነካ በንብርብር የሚላቀቅ። ስለዚህ ጠቤ ከኮተሌት ጋር አይደለም፣ ስም ከሌለው ኮተሌት ጋር ነው። ጉላሽን ግን በጭራሽ አላምነውም። ያ ሁሉ ድልህና ቃሪያ ምን ሊሸፍን ነው? የጾም ፒዛ ላይ የሚበተነው የቆርቆሮ ቱና... ተዉት፣ ደሜ ይፈላል።

ሽሪምፕ? አንድ ሰርግ ላይ በልቻለሁ። ማስቲካ።

ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደውላ ስታስቀናኝ ነው የምትውለው። ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ ሸርጣኑን ከምረው፣ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ ይበላሉ። እናቴ ስልኩ ላይ አይታ አማተበች። እኔን የገረመኝ ግን መዶሻው አይደለም። "ምንድን ነው?" ስላት የሸርጣኑን ዓይነት ከነባሕረ ሰላጤው ነገረችኝ። በምን አወቅሽ ብላት ሜኑው ላይ ተጽፏል አለች። ተጽፏል!

እኛ ጋ መጠየቅ ራሱ ነገር ፍለጋ ነው። ያን እሑድ ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቅ ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ጋሼ ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው "አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ልጄ" አሉኝ። ቤቱ ሳቀ። አስተናጋጁም ሳቀ። ዘንዶውን ብቻ ነው እኮ እንዳልበላ የፈለግኩት!

እናቴ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካክላ አስተናጋጁን ጠራችው። "የኔ ልጅ፣ ጥብሱን ከነራሱ አምጣልኝ።"

"ሙሉውን? እሾህ አለው እኮ እማማ።"

"ይኑረው።"

ሃያ ደቂቃ ቆየና መጣ። ቆሮሶ ነው፣ ከነጭንቅላቱ። እኔ ወዲያው እጄን ሰደድኩ። እሷ መታችኝና ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበች። መነጽሯን አደረገች። የተጠበሰውን ቆዳ በጥፍሯ ከራሱ ወደ ጅራቱ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው፣ ክንፉን ቀና አደረገች። እዚያ ሥር ሲጠረግ ያመለጠች፣ የዘይቱ ሙቀት ያጣመማት አንዲት ቅርፊት ተጣብቃለች። በሁለት ጣቷ ነቅላ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ።

"ይኸው" አለች። ከዚያ ሎሚውን ጨመቀችበት።