ሰጪውን ሳያሳዩ «አመሰግናለሁ በል»

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልቆጣችሁ። የሁለት ዓመት ልጅ ብስኩት ተቀብሎ ዝም ሲል «አመሰግናለሁ በል እንጂ!» እያልን እናስጨንቀዋለን። እንግዳ ካለማ ይባስ። ማመስገን ግን ሰጪን ከማወቅ ይጀምራል። ሰጪውን መቼ አሳየነው? ልጁ የሚያውቀው ኮሪደሩንና ስልኩን ነው። ወተት ከላስቲክ፣ እንጀራ ከሱቅ ይመጣል።

በቀደም ኮንዶሚኒየማችን ሥር አንዲት ሕፃን ቁጢጥ ብላ ጉንዳን ታያለች። ጉንዳኑ ከራሱ የሚበልጥ ፍርፋሪ ይጎትታል። እሷም ከያዘችው ዳቦ ቆርሳ አጠገቡ አስቀመጠችለት። ማንም አላዘዛትም። ወዲያው ከላይ «ኧረ ቆሻሻ ነው! ተነሺ!» የሚል ጩኸት መጣ። ገባችና ስልክ ተሰጣት። እባካችሁ፣ እንዲህ አናድርግ!

«ብርድ ይመታዋል» ማለቱም ይብቃን። ፀሐይ ያጣ ሕፃን አጥንቱ ሊለሰልስ፣ እግሩ ሊጎብጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 4 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ይመክራል። ሦስት ሰዓት! ሳሎን ውስጥ የት ሊሮጥ ነው?

በኅዳር ወደ ቢሾፍቱ የምትወርዱ፣ ለሥጋ ብቻ አትውረዱ። ጤፍ ማሳ ዳር ቁሙ። ገበሬውን አስፈቅዱና ልጃችሁ ዘለላውን በመዳፉ ይሸው። ፍሬዋ እንደ አሸዋ የደቀቀች ናት። ማሳው ስንቴ እንደታረሰ፣ በሬው ስንት እንደለፋ አሁን አትተንትኑለት፤ አይገባውም። እጁ ላይ ያለችው ፍሬ ትበቃዋለች። ገበሬው ሲሰጠው በሁለት እጁ ይቀበል። «እግዜር ይስጥልን» የምትሉት ግን እናንተ ናችሁ። ልጅ የሚማረው ከአፋችሁ ነው። ማታ እንጀራ ሲቀርብ ያቺን ፍሬ አስታውሱት፤ «ተመስገን» ስትሉም ይስማችሁ።

መኪና የለንም የምትሉ፣ በረንዳ ላይ በጣሳ ጤና አዳም ትከሉ። ውሃ የሚያጠጣው ልጁ ይሁን፤ ቢያፈሰውም አትቆጡት። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልም እዚሁ ከተማችን አዲስ አበባ ውስጥ ነው።

የግቢ ኮሚቴዎች ደግሞ፣ ለእናንተ የማዝነው ይበልጣል። ሣር የነበረበትን ሁሉ ኮብል አንጥፋችሁ ለመኪና ሰጣችሁት። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አጀንዳ አስይዙ። ዛፍ ያለበትን አንድ ጥግ ለሕፃናቱ መልሱላቸው።