ቀስቱ ይመስገን

ጎንደር ውስጥ ባለጉዳይ ሆኖ የማያውቅ የለምና መግቢያ አላበዛም። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንድ ቢሮ ገብቼ ግድግዳውን የሸፈነ ባነር አየሁ። «የአገልግሎት አሰጣጥ ሂደት ሞዴል» ይላል፤ ጉዳይ ከየት ተነሥቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ሥዕል መሆኑ ነው። ክብ፣ ሳጥን፣ አልማዝ፣ ቀስት። ቀለሙስ! እንዲህ ያለ ሥዕል ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሌላ የት ይገኛል?

ሠሪዎቹ ይባረኩ። ኃላፊውን ጠይቀዋል፤ ምክትሉንም ጠይቀዋል። መዝገብ ቤት ያለችዋን ልጅ ብቻ አልጠየቁም። እሷ ምን ታውቃለች? ሥራውን የምትሠራው እሷ ከመሆኗ በቀር።

አልማዙን ግን ሳላደንቅ አላልፍም። በሂደት ሥዕል ሙያ ደንብ አልማዝ የውሳኔ ቦታ ነው፤ «አዎ» እና «አይ» የሚሉ ቀስቶች ይወጡለታል። የእነዚህኛው «ስሙ ይዛመዳል?» ይላል። አንዲት እናት መታወቂያቸው ላይ «ፀሐይ» ናቸው፤ በፀሐዩ ፀ። መዝገቡ ላይ በጸሎቱ ጸ ተጽፈዋል። ለኮምፒውተር ሁለቱ ፊደላት ዝምድና የላቸውም። «እማማ፣ ሲስተሙ አላወቀዎትም፤ ከቀበሌ ደብዳቤ ያምጡ።» ቀበሌ ሄዱ፤ አመጡ። የደብዳቤው ጸሐፊ ደግሞ በሐመሩ ሐ ፈንታ ሃሌታውን ሀ መትቶታል። ሌላ ሰው ሆኑ። ቀስቱ ወደ አልማዙ፣ አልማዙ ወደ ቀበሌ። ሁለት ጸ፣ ሦስት ሀ፤ ሲባዛ ስድስት። አንዲት እናት ስድስት ባለጉዳይ ወጣቸው! የተገልጋይ ቁጥር በስድስት እጥፍ ማደጉ ለሪፖርት ይያዝልን።

ፎቅ ላይ ሰላም ነው። የኃላፊው ዳሽቦርድ፣ ጉዳይ መዘግየት አለመዘግየቱን በቀለም የሚያሳየው ስክሪን፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኗል። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ፋይል ሲከፈት ነዋ! «አይ» ለተባለ ሰው ፋይል አይከፈትም። ያልተከፈተ ፋይል ደግሞ አይዘገይም። ጥበብ ይሏል ይህ ነው።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። እኚህ ሴት የመጡት ከጭልጋ ነው። ሲስተሙ ጸ እና ፀን እንደ አንድ አድርጎ እንዲፈልግ ማድረግ ለፕሮግራመር ቀላል ሥራ ነው። ከብዶ አይደለም የቀረው። የሚንገላቱት እሳቸው ስለሆኑ ነው። የኃላፊው ስም ቢሆን ኖሮ ከምሳ በፊት ይስተካከል ነበር!

ቢፒአርን፣ ያንን «መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ» የሚሉትን፣ በስብሰባ ያልተጋተ የመንግሥት ሠራተኛ መቼም የለም። የሐሳቡ አባት ማይክል ሐመር በ1990 እ.ኤ.አ. ሐሳቡን ሲያቀርብ ያለው አጭር ነበር፤ የማይረባ አሠራር ኮምፒውተር ላይ አትጫኑ፣ አጥፉት። እኛ ጨዋዎች ነን፤ ምንም አላጠፋንም። ድሮ በአፍ ይባል የነበረው «ነገ ይመለሱ» ዛሬ በስክሪን ይወጣል።

ደግሞ ሞዴሉ ሊከለስ ነው አሉ። ቡድኑ ለክለሳው ጎርጎራ ወርዷል፣ ከነአበሉ። አንድ አልማዝ ይጨመራል፤ «ቅሬታ አለ?» የሚል። ሁለቱም ቀስቶች የሚሄዱት ወደ አንድ ሳጥን ነው፦ «ሲስተም የለም»።