ጉብታው ካርታ አለው እንዴ?

"እናንተ ስኖውቦርድ የምትነዱ፣ ጉብታችንን እየፋቃችሁ ታበላሹብናላችሁ" አሉኝ፣ በአንድ ሳንቃ በረዶ ላይ ስለምንንሸራተት። ጉብታችንን! በረዶም ይዞታ ሆነ?

ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ነጭ ሽማግሌ ናቸው። ለየእግሩ የሚታሰረውን መንሸራተቻ፣ ስኪያቸውን፣ አጠገቤ ገጭ አድርገው ቆሙ።

"ደህና ነህ?"
"ደህና ነኝ።"
"ታዲያ ምን እየሠራህ ነው?"
"እያረፍኩ ነው።"
"እዚህ? መሀል ላይ?"

ምን ልበል? በቂጤ ከወረድኩ በኋላ የቀረኝ ክብር እሱ ብቻ ነበር። ያንን የጉብታ ንግግራቸውን ለቀቁብኝና ጉልበታቸውን እያጠፉ እየዘረጉ ቁልቁል ጠፉ። በሰባ ዓመታቸው! የኔ ጉልበት ደረጃ ስወጣ ራሱ ይጮሃል።

አሁን እኔን ስሙኝ። ጉብታ ያሉኝ ሞጉሉን ነው። ሞጉል ማለት ሜዳ ሙሉ ድስት የተደፋበት ቁልቁለት ነው። የሠሩት ደግሞ ራሳቸው ስኪ የሚንሸራተቱት ናቸው። አንዱ በታጠፈበት ሌላውም እየታጠፈ፣ በረዶውን እየገፉ ቆለሉት። መተላለፊያው በነሱ ልክ ነው የተቆረጠው። እነሱ እግራቸው ለየብቻ ነው፣ ዱላም አላቸው። እኔ ሁለት እግሬ አንድ ሳንቃ ላይ ታስሯል። በተረከዝ ስዞር እሺ፣ ይሁን። በጣቴ በኩል ስዞር ግን ፊቴ ወደ ተራራው፣ ጀርባዬ ወደ ቁልቁለቱ ነው። አምና ከፍዬ የተማርኩበት አሰልጣኝ "ሁለት ጉብታ አሻግረህ እይ" ብሎኝ ሄደ። በምኔ ልየው ጌታዬ? በማጅራቴ?

ኦሎምፒክ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ሞጉል ያወዳድራል፤ ለስኪ ብቻ። ስኖውቦርድ በ1998 ናጋኖ ላይ ሲገባ፣ እነዚህንም ጉብታ ላይ እንልቀቃቸው ያለ የለም። የኦሎምፒክ ሰዎች እንኳ ያዝኑልናል።

የመንሸራተቻውን ትኬት አታንሱብኝ። በሩ ላይ ከ200 ዶላር በላይ! ፓርኪንጉ ለብቻው። የተከራየሁት ጫማ ደግሞ የሌላ ሰው ላብ ይዞ መጣ። ከዚያ እሑድ ማታ አይ-70 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ በመኪና ወደ ዴንቨር ከተማ መዳህ አለ፣ በዚያ በታመመ መቀመጫ። እማዬ ስትሰማ "ከፍለህ ነው እንዴ የምትወድቀው ልጄ?" አለችኝ። መልስ የለኝም። አዎ እማዬ፣ ከፍዬ ነው።

እና አንተ፣ ወደ ተራራው ከሚያወጣው የወንበር ሊፍት ላይ ሆነህ እየሳቅክ የቀረጽከኝ፦ ቪዲዮውን የሰፈሩ ግሩፕ ላይ አይቼዋለሁ። ዘፈን ሁሉ ጨምረህበታል። አሁኑኑ አውርደው!